የመሥራቾች ውርስ፤ ከአንደራቻ እስከ አፍሪካ አዳራሽ

በዚህ ዓመት ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ለአራቱ የስፖርት ቡድኖች አዲስ ስም እንዲወጣላቸው ተወሰነ። እስካሁን ድረስ ቡድኖቹ ይጠሩ የነበረው በቀለም ነው፤ ቀይ፥ ሰማያዊ፥ ቢጫ፥ አረንጓዴ። የታሪክ ክበባችን አባሎች ተሰብስበን እንድንመክርበት በታዘዝን ጊዜ ነገሩ የአንድ ሰዓት ሥራ መስሎን ነበር። አንዱ ክዋሜ ንክሩማህ አለ፤ ሌላው ጁሊየስ ኔሬሬ አለ፤ ሦስተኛው የአድዋን ስም ጠራ። እኔም እጄን አውጥቼ "ታቶ ጋኪ ሸሮቾ" አልሁ። ሁሉም አጨበጨበ። ጸሐፊው ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሣ ከኋላ ወንበር አንድ የክፍል ጓደኛችን፥ ዘወትር ዝምተኛ የሆነ ልጅ፥ ብድግ ብሎ "በዚያ ቡድን ውስጥ እኔ አልጫወትም" አለ። ምክንያቱን ስንጠይቀው የተናገረው ጥቂት ነው። "በንጉሡ ዘመን የኔ አያቶች የናንተን አያቶች ደጃፍ አይረግጡም ነበር" ብሎ ተቀመጠ። ልጁ ከማንጆ ወገን ነው።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። እኔ ግን ነገሩን ልተወው አልቻልሁም። አያቴ እሳት ዳር ተቀምጠው ስለ ካፋ ነገሥታት ሲያወሩኝ ያደግሁ ስለ ሆነ የታቶውን ስም የጠራሁት በፍጹም ኩራት ነበር። ጓደኛዬም የተናገረው ሐሰት አይደለም። እንግዲህ አንድን አገር አቁመው ያለፉትን ሰዎች እንዴት አድርገን ማስታወስ ይገባናል? ይህን ጥያቄ ለታሪክ መምህራችን ባቀረብሁላቸው ጊዜ "ስም ከማውጣትህ በፊት አንብብ" ብለው መጻሕፍት ሰጡኝ። ያነበብሁትንና ከሽማግሌዎች የሰማሁትን ነው እዚህ ላይ የማቀርበው። የኛን ታሪክ ከሌሎቹ የአፍሪካ አገሮች ታሪክ ጋር ለማነጻጸር እንዲመች ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፌአለሁ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። አገራችን በብዙ የአማርኛ መጻሕፍት "ከፋ" እየተባለች ትጻፋለች። ቃሉ በአማርኛ መጥፎ ትርጉም ስላለው እኛ የአገሩ ልጆች "ካፋ" ብለን መጻፍን እንወዳለን። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። የቡና ስም ከአገራችን ስም ወጣ የሚለውን ክርክር ግን ዛሬ አላነሣም፤ እሱን ከጀመርሁ ጽሑፉ በዚያው ያልቃል።

የካፋ መንግሥት በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ እንደ ቆመ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ከዚያ በፊት ማቶ የሚባል ጎሣ ይገዛ ነበር፤ ኋላ ግን ሚንጆ የሚባለው ጎሣ ዙፋኑን ያዘና እስከ 1897 ድረስ ከእጁ አላወጣውም። ይህም አምስት መቶ ዓመት ያህል መሆኑ ነው። ከአፍሪካ አዲስ መንግሥታት መካከል በዕድሜ የሚበልጠው እንኳ ገና የዚህን ሩብ አላስቈጠረም ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም።

ንጉሡ "ታቶ" ይባላል። ነገር ግን ታቶ እንደ ልቡ የሚያዝዝ ብቸኛ ገዥ አልነበረም። ሚክሬቾ የሚባል፥ ሰባት አማካሪዎች የሚቀመጡበት ሸንጎ ነበረ። ንጉሡ ሲሞት ከልጆቹ መካከል ለዙፋን የሚበቃውን የሚመርጠው ይህ ሸንጎ ነው፤ በጦርነትና በሰላም ነገር ላይም ምክሩ ይሰማል። የበኵር ልጅ መሆን ብቻውን አያነግሥም ነበር። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ በጣም ደነቀኝ፤ ምክንያቱም በትምህርት ቤት ስለ ሸንጎና ስለ ምክር ቤት ስንማር ምሳሌው ዘወትር የሚመጣው ከአቴናና ከእንግሊዝ አገር ነው። ከቤታችን አጠገብ፥ ከቦንጋ ብዙ ሳይርቅ፥ በአንደራቻ የነበረውን ሸንጎ የጠቀሰልን የመማሪያ መጽሐፍ አላገኘሁም።

የመንግሥቱ ግቢዎች በቦንጋና በአንደራቻ ነበሩ። የአገሩ ዳርቻ በተፈጥሮ በጎጀብ ወንዝና በጫካ የታጠረ ሲሆን፥ በዚያ ላይ ደግሞ ሰው የቈፈረው ጥልቅ ጉድባ ተጨምሮበት ነበር። በጉድባው ላይ መግቢያ በሮች አሉ፤ ነጋዴ የሚገባውም የሚወጣውም በነዚያ በሮች ብቻ ነው። ካፋ ቡናን፥ ማርን፥ ዝባድንና የዝሆን ጥርስን ወደ ውጭ ትልክ ነበር፤ የቦንጋ ገበያ ከጅማና ከጎንደር አልፎ እስከ ምጽዋ ድረስ የሚሄድ የንግድ መንገድ መነሻ ነበረ። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ መንገደኛ በ1843 እስከ ቦንጋ ደርሶአል። ቀጥለውም የካቶሊክ ጳጳስ የነበሩት ማሳያ በ1859 መጡ፤ ሁለት ዓመት ያህል ቈይተው እንዲወጡ ተደረገ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቪየና ሰው ፍሪድሪክ ቢበር ወደ ካፋ ሁለት ጊዜ መጥቶ፥ የፈረሰውን መንግሥት ገና የሚያስታውሱ ሰዎችን እየጠየቀ ሁለት ትልልቅ ጥራዝ ጻፈ። ዛሬ ስለ ነገሥታቱ የምናውቀው ብዙው ነገር የተገኘው እንዲህ ካሉ የውጭ አገር ሰዎች ብዕርና ከሽማግሌዎቻችን አንደበት ነው፤ ካፋዎች በዚያ ዘመን ቋንቋቸውን የሚጽፉበት ፊደል አልነበራቸውም።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ነገር ልመለስ። ከላይ የዘረዘርሁት የንግድ ዕቃ ሙሉ አይደለም፤ ሆን ብዬ አንዱን አስቀርቼው ነበር። በቦንጋ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። በጦርነት የተማረከ፥ ወይም በወንጀል የተፈረደበት፥ ወይም ግብር መክፈል ያቃተው ሰው ባሪያ ሆኖ ይነዳ ነበር። ለታቶው ግምጃ ቤት የሚገባው ገንዘብ በከፊል ከዚህ የተገኘ ነው። አያቴ ስለ ነገሥታቱ ሲያወሩኝ ይህን አንድ ቀን እንኳ አላነሡብኝም፤ እኔም ጠይቄአቸው አላውቅም ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ስል በጠየቅኋቸው ጊዜ ዝም ብለው ቈይተው "ነበር እንጂ፤ ልጅ ግን ይህን ሲሰማ ምን ይጠቅመዋል ብዬ ነው" አሉኝ።

የማንጆዎቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ማንጆዎች በአደንና በጫካ ሥራ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። በሚበሉት የአውሬ ሥጋ ምክንያት ርኩሳን ናቸው እየተባሉ ከሌላው ሰው ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፤ በቤት ውስጥ አይቀመጡም፤ በጋብቻማ ነገሩ ጨርሶ የሚታሰብ አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ይህ ነው፤ የመንግሥቱን በሮች ከሚጠብቁት መካከል ዋነኞቹ እነዚሁ ማንጆዎች ነበሩ። የአገሩ ደኅንነት በእጃቸው ነበረ፤ የጎረቤታቸው ቤት ግን አይከፈትላቸውም። ዛሬ በሕግ ፊት ሁሉም እኩል ነው፤ በትምህርት ቤታችንም በአንድ ወንበር እንቀመጣለን። ይሁን እንጂ ልማዱ ፈጽሞ ጠፍቶአል ብዬ ብጽፍ ጓደኛዬ ይስቅብኛል፤ አንባብያንም ታውቁታላችሁ።

ጋኪ ሸሮቾ የነገሡት በ1890 ነው። የሰባት ዓመት ንጉሥ ናቸው ማለት ይቻላል። ወላጆቻችን ስማቸውን የሚያነሡት ስለ ገነቡት ሳይሆን እንዴት እንደ ወደቁ ነው፤ ስለዚህም የሚንጆን መንግሥት መሥራች ሳይሆኑ የመጨረሻው ሰው ሆነው ሳለ በልጆች ልብ የመሥራችን ቦታ ይዘዋል።

በመጋቢት 1896 የአድዋ ድል ተደረገ። ይህን ድል የማያከብር ኢትዮጵያዊ የለም፤ ጥቁር ሕዝብ በሞላበት አገር ሁሉም ስሙ ይጠራል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከዚያው ድል በተመለሰው ሠራዊትና በዚያው ጠመንጃ የአፄ ምኒልክ የጦር አለቃ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ካፋ ዘመቱ። ከሳቸውም ጋር ሌሎች መኳንንትና የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ሰዎች ነበሩ። የካፋ ሰው በአብዛኛው የሚዋጋው በጦርና በጋሻ ነበር፤ ጠመንጃው እጅግ ጥቂት ነው። እንዲህም ሆኖ ጉድባውና ጫካው ወራሪውን ለብዙ ወር አስቸገረው። ንጉሡ ከአንዱ ጫካ ወደ ሌላው እየተሸሸጉ ቈይተው በመስከረም 1897 ተያዙ። አንደራቻ ፈረሰ። ጥቂት ወራት ቈይቶ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጋር ያለፈው የሩስያ መኰንን ቡላቶቪች ስለ ባዶ መንደሮችና ስለ ጦርነቱ ርዝራዥ ጽፎአል። በጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ በመጣው የባሪያ ፍንገላ ካፋ ብዙ ሕዝብ አጥታለች።

አያቴ ከአባታቸው እንደ ሰሙት፥ ንጉሡ ሲታሰሩ ሰንሰለቱ የብር እንዲሆን ተደረገ ይባላል፤ የንጉሥ እጅ በብረት አይታሰርም ተብሎ። ወደ ሸዋ ሲወሰዱም ጎጀብ ላይ ሲደርሱ ቀለበታቸውን አውልቀው ወደ ወንዙ ወረወሩት፤ የካፋ ንግሥና እዚህ አበቃ ማለታቸው ነበር ይላሉ። ይህ በዓይን ምስክር የተመሰከረ ይሁን ወይም ሕዝብ ለሐዘኑ የሠራው ታሪክ ይሁን መለየት የኔ ችሎታ አይደለም። የንጉሡ ዘውድ ግን ተረት አይደለም። በአፄ ምኒልክ አማካሪ በስዊሱ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ወደ አውሮፓ ሄደ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ጋኪ ሸሮቾ ራሳቸው ከሃያ ዓመት በላይ በግዞት ኖረው ወደ ዙፋናቸው ሳይመለሱ ዐረፉ።

እኛ የቦንጋ ተማሪዎች ከጅማ ልጆች ጋር ስንገናኝ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ከአባ ጅፋርና ከጋኪ ሸሮቾ ማንኛቸው ብልህ ነበሩ? አባ ጅፋር ለምኒልክ በጊዜ ገቡ፤ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ከጥፋት አዳኑ፤ እስከ ሞቱበት እስከ 1932 ድረስም በስማቸው ገዙ። የጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ ጎብኚ ትኬት ቈርጦ ይገባበታል። የአንደራቻው ግን ሣር በቅሎበታል። የጅማ ልጆች "እናንተ ኩራት አላችሁ፤ እኛ ግን ቤተ መንግሥት አለን" ይሉናል። ቀልዱ ያናድዳል፤ ያሳስባልም። እኔ በበኩሌ ቀድሞ በጩኸት ለጋኪ ሸሮቾ እፈርድ ነበር። አሁን ግን እጠራጠራለሁ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያለቀበት ጦርነት በድርድር ሊቀር ይችል እንደ ነበረ ማን ያውቃል? በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉም ሳይታገል የሚገባ ቢሆን ኖሮ፥ አድዋ የሚባል ስም ዛሬ አይኖርም ነበር።

ይኸው ክርክር ከስልሳ ዓመት በኋላ በመላው አፍሪካ ተነሥቶአል፤ ለዚህ ነው የኛን ነገር ከውጭው ጋር ያያያዝሁት። በ1958 የፈረንሳይ መሪ ደጎል ለቅኝ ግዛቶቻቸው ምርጫ አቀረቡ፤ ከፈረንሳይ ጋር በማኅበር መኖር ወይም ወዲያውኑ ነጻ መውጣት። የአይቮሪ ኮስቱ ሁፉዌ ቧኒ በማኅበር መኖርን መረጡ፤ የጊኒው ሴኩ ቱሬ ግን እምቢ አሉ። ፈረንሳዮችም ጊኒን ትተው ሲወጡ ሊወስዱ የሚችሉትን ሁሉ ይዘው ወጡ። ሁፉዌ ቧኒ የኛ አባ ጅፋር፥ ሴኩ ቱሬ የኛ ጋኪ ሸሮቾ ናቸው ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። መምህራችን ግን "ንጽጽሩን እስከ መጨረሻው ተከተለው" አሉኝ። ስከተለው የደረስሁበት ቦታ ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

በግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፥ ይኸውም በሜይ 25 ቀን 1963፥ የአፍሪካ ነጻ መንግሥታት መሪዎች በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። መሥራች አገሮቹ 32 ናቸው። አስተናጋጁ አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ ንክሩማህ፥ ናስር፥ ኔሬሬ፥ ሴኩ ቱሬ፥ ሞዲቦ ኬይታ፥ ቤን ቤላ ነበሩ። የቶጎው መሪ ሲልቫኑስ ኦሊምፒዮ አልነበሩም፤ ከጥቂት ወራት በፊት በወታደሮች እጅ ተገድለው ነበር። ንክሩማህ አንድ የአህጉር መንግሥት ዛሬውኑ ይቁም ሲሉ ተከራከሩ፤ የሚበዙት ግን ቀስ በቀስ ይሁን አሉ። በ1964 ካይሮ ላይ ደግሞ መሪዎቹ ቅኝ ገዥዎች ያሰመሩት ድንበር እንዳለ ይጽና ብለው ወሰኑ። ይህን ሳነብ የካፋ ጉድባ ትዝ አለኝ። ነገሥታቶቻችን ጉድባቸውን ራሳቸው ቈፈሩ፤ የአፍሪካ መሥራቾች ግን ሌላ ሰው የቈፈረውን ጉድባ ጠባቂዎች ሆኑ። ጦርነትን ለማስቀረት ብለው ነው፤ ብዙ ጦርነትም ሳይቀር አልቀረም። ሆኖም አንድን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች በሁለትና በሦስት መንግሥት ተከፍለው እስከ ዛሬ ይኖራሉ።

የድርጅቱ የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ የጊኒው ዲያሎ ቴሊ ነበሩ፤ ከ1964 እስከ 1972 አዲስ አበባ ሆነው ሠሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ በሤራ ተከሰሱና ካምፕ ቧሮ በተባለው እስር ቤት በ1977 ሞቱ፤ የሞቱትም ምግብና ውሃ ተከልክለው ነው። ያሰሩአቸው "እምቢ" ያሉት ጀግና ሴኩ ቱሬ ናቸው። በጋናም እንዲሁ ነው። አገሪቱ በ1957 ነጻ ስትወጣ የያዘችው ስም ከሷ በስተሰሜን ርቆ ከነበረ ጥንታዊ መንግሥት የተወረሰ ነው፤ ጄ. ቢ. ዳንኳ የተባሉት የሕግ ሰው ይህ ስም እንዲወጣ ብዙ ደክመዋል። ንክሩማህ በ1958 ሰውን ያለ ፍርድ ማሰር የሚፈቅድ ሕግ አወጡ፤ ዳንኳም በዚያው ሕግ ታስረው በ1965 በእስር ቤት ሞቱ። ለአገሩ ስም ያወጣ ሰው በአገሩ እስር ቤት ሞተ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት በየካቲት ወር ንክሩማህ ወደ እስያ በጉዞ ላይ ሳሉ ወታደሮች መንግሥታቸውን ገለበጡ፤ እሳቸውም አገራቸውን ሳያዩ በ1972 በቡካሬስት ዐረፉ። የአኮሶምቦ ግድብ ግን ዛሬም መብራት ይሰጣል፤ ያስገነቡት ንክሩማህ ናቸው።

እንግዲህ ግድቡን ይዘን እስር ቤቱን እንተው? ወይስ እስር ቤቱን ይዘን ግድቡን እንተው? አንድ የክበባችን አባል "ከሁሉም የሚሻል ኔሬሬ ናቸው" ይላል። በመጠኑ እስማማለሁ። ታንጋኒካን በ1961 ነጻ አወጡ፤ በኪስዋሂሊ ቋንቋ ከመቶ የሚበልጥ ነገድን አንድ ላይ አነጋገሩ፤ በ1985 ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀው ሄዱ፤ ይህን ያደረገ መሪ በዚያ ዘመን ጥቂት ነበር። ቀድሞም የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ፤ "ምዋሊሙ" ማለትም መምህር እየተባሉ መጠራታቸው ለኛ ለሚሲዮን ልጆች ያኰራናል። ይሁን እንጂ በ1970ዎቹ ገበሬዎችን በግድ ወደ መንደር ማሰባሰባቸው ብዙ ጉዳት አምጥቶአል። የኛው አስተናጋጅ ንጉሠ ነገሥትም፥ ለአፍሪካ አንድነት የደከሙትን ያህል ለገበሬው መሬት ሳያደርጉለት በ1974 ከዙፋናቸው ወረዱ።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ጓደኛዬን ፈልጌ "ይቅርታ አድርግልኝ፤ ስሙን ስጠራ አላሰብሁበትም" አልሁት። እሱም "እኔ ንጉሡን አልጠላሁም፤ ማንም ሰው እኛንም በዚያው ታሪክ ውስጥ አለማንሣቱ ነው ያናደደኝ" አለኝ። ከዚያም "ቅዳሜ ከኔ ጋር ና፤ አያቴ የሚያሳዩህ ነገር አለ" አለ።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሥተን ከከተማው ወጣንና በጫካው መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። አያቱ በዕድሜ የገፉ፥ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ደጃቸው ላይ ተቀበሉኝና እንደ ልማድ ርቀው ሊቆሙ ሲሉ እኔ ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምሁ። ደነገጡ። ቡና በቅጠል ጠጣን፤ ቤታቸው ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝ እንጂ ምንም አላለም። እኔም ይህን እዚህ ላይ መጻፌ ራሴን ለማስመስገን እንዳይመስል እፈራለሁ፤ በአሥራ ስምንት ዓመቴ የአንድ ማንጆ ቤት ደጃፍ ስረግጥ ያ የመጀመሪያዬ መሆኑን መናገር ግን ግዴታዬ ነው።

ሽማግሌው ስለ ታቶው ስጠይቃቸው ክፉ ቃል አልተናገሩም። የአያታቸው አያት የአንድ በር ጠባቂ እንደ ነበሩ፥ ከውጭ የመጣ ነጋዴ ሁሉ ያለሳቸው ፈቃድ እንደማያልፍ፥ ጠላት ሲመጣ መለከት የሚነፉት እነሱ እንደ ነበሩ ነገሩኝ። በድምፃቸው ውስጥ የሰማሁት ኩራት ከኔ አያት ኩራት በምንም አያንስም ነበር። "ንጉሡ አለቃችን ነው፤ የሚያስከፉን የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ" አሉ። ልጁ ግን በዚህ አልተስማማም፤ "ንጉሡ ቢፈልግ ሊያስቀረው ይችል አልነበረም?" ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው መልስ አልሰጡም።

ከሰዓት በኋላ ጉድባውን አሳዩን። አፈር ወርዶበት ብዙው ተሞልቶአል፤ በግርጌው ዛፍ በቅሎበታል፤ በአንድ በኩል የጫካ ቡና ፍሬ ይዞ ይታያል። እኔ ከላይ ቆሜ ጓደኛዬ ወደ ውስጥ ወረደ። ባለበት ቦታ ቀጥ ብሎ ሲቆም አናቱ ከኔ ጫማ በታች ነበር፤ አፈሩ ሳይሞላበት በፊት የነበረውን ጥልቀት አስቡት። ርዝመቱን በእርምጃ ለመለካት ሞክረን ወደ ሁለት መቶ ስንደርስ ቊጥቋጦው አላሳልፍ አለን። ይህን ሁሉ በእጅ የቈፈሩት እነማን እንደ ነበሩ ስጠይቅ ሽማግሌው ሳቁና "ታቶው አይደለም" አሉ።

ክበባችን በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ተሰበሰበ። ጓደኛዬ ስለ ጉድባውና ስለ በር ጠባቂዎቹ ቆሞ ተናገረ፤ እኔም ከላይ ያነበባችሁትን በአጭሩ አቀረብሁ። ክርክሩ እስከ ደወል ቈየ። አንዱ የንጉሡን ስም እንያዝ፥ የጠባቂዎቹንም እንጨምር አለ፤ አንዲት ልጅ ደግሞ ለምን የሰው ስም፥ ጎጀብ እንበለው አለች። ሦስቱ ቡድኖች ስም አግኝተዋል። አራተኛው እስካሁን አረንጓዴ ይባላል፤ ባለፈው ዓርብ ከቀዮቹ ጋር ተጫውቶ ሁለት ለአንድ አሸንፎአል፤ ሁለተኛዋን ያገባው ጓደኛዬ ነው።